ሐኪሙ ትምህርት ቤት ሲገባ

ማጊ ኮመር ትምህርት ቤት የተቀመጡበት ጊዜ ቢደመር ሁለት ዓመት አይሞላም። የተወለዱት በአሜሪካ ደቡብ፣ በሚሲሲፒ ገጠር ነው። በዚያ አገር ጥቁር ቤተሰቦች የሰው መሬት እያረሱ፣ ዓመት በመጣ ቁጥር ዕዳቸው እየከበደ ይኖሩ ነበር። የእንጀራ አባታቸው ጨካኝ ሰው ነበር፤ ትምህርት የሚባል ነገር እንዲነሳበት አይፈልግም። ማጊ 16 ዓመት ሲሞላቸው ኮበለሉና ኢንዲያና ግዛት ውስጥ፣ ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ከምትገኘው ኢስት ቺካጎ፣ እህታቸው ዘንድ ደረሱ። እዚያ ትምህርታቸውን ሊቀጥሉ ተመኙ፤ አልሆነላቸውም። የነጮች ቤት ጠራጊና አብሳይ ሆነው ተቀጠሩ። ያን ጊዜ ለራሳቸው አንድ ነገር ማሉ፦ እኔ ባልማር ልጆቼ ይማራሉ፤ አንዱም አይቀርም።

ማጊ ብቻቸውን አልነበሩም። ከ1910 እስከ 1970 ባሉት ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁር አሜሪካውያን ደቡብን ለቀው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ከተሞች ተሰደዋል። የሸሹት ድህነትንና የዘር አድልዎን ነው፤ የሄዱት ፋብሪካ ወዳለበት ነው። ከኋላ የሚመጣው ታሪክ በሙሉ የእነዚህ ስደተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች በየከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤት ምን ገጠማቸው የሚለው ነው።

ማጊ ኢስት ቺካጎ ውስጥ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ከነበሩት ከሂዩ ኮመር ጋር ትዳር መሠረቱ። መስከረም 25 ቀን 1934 ጄምስ ተወለደ። አገሩ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበር። ቤቱ ግን ሥርዓት ነበረው። ማታ ማታ ልጆቹ ገበታ ዙሪያ ይቀመጡና ይከራከራሉ፤ እያንዳንዱ ሐሳቡን ይናገራል፣ የሌላውን ይሰማል፣ በመሳደብና በመደባደብ ማሸነፍ ክልክል ነው። እናት ትምህርት ቤት እየሄዱ መምህራኑን ያነጋግራሉ፣ ልጃቸውን ራሳቸው ይዘው ቤተ መጻሕፍት ይወስዳሉ። ኋላ የማጊ ልጆች በአንድነት 13 የኮሌጅ ዲግሪ ተቀብለዋል።

ሦስቱ ጓደኞች

ጄምስ የተማረበት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነጭና ጥቁር የተቀላቀሉበት ነበር። አብዛኞቹ የብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ልጆች ናቸው። እዚያ ሦስት የቅርብ ጓደኞች ነበሩት፤ ሦስቱም ጥቁር፣ ሦስቱም እንደ እርሱ ከሠርቶ አደር ቤት የወጡ፣ በአእምሮም ከእርሱ የማያንሱ።

አንድ ቀን መምህሯ ከቤተ መጻሕፍት ብዙ መጽሐፍ ያነበበ ማን እንደሆነ የሚለይበት ውድድር አወጣች። ጄምስ አሸነፈ። ሦስቱ ጓደኞቹ ግን አንድም መጽሐፍ አልተዋሱም። መምህሯ ተናደደች፤ እንደ እኛ መሆን የማትፈልጉ ከሆነ እኛ ትምህርት ቤት መምጣት የለባችሁም የሚል ነገር ከዘራቸው ጋር አያይዛ ተናገረቻቸው። ይህቺው መምህር ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ለጄምስ ደግ ነበረች። ያላወቀችው አንድ ነገር ነበር። የሦስቱ ልጆች ወላጆች ከደቡብ የመጡ፣ ነጮች የሚያስተዳድሩት ቤት ደጃፍ ላይ እግራቸው የሚከብዳቸው ሰዎች ነበሩ። ቤተ መጻሕፍቱ ክፍት ነበር፤ የሚከለክላቸውም ሕግ አልነበረም። ነገር ግን ማንም እጃቸውን ይዞ አላስገባቸውም። የጄምስን እጅ የያዙት እናቱ ናቸው።

ሦስቱ ጓደኞች ኋላ ምን ሆኑ? አንዱ በመጠጥ ያለ ዕድሜው ተቀጨ። ሌላው ብዙ ዘመኑን እስር ቤት አሳለፈ። ሦስተኛው ከአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ ወጣ ሲል ኖረ። ጄምስ ኮመር ሕይወቱን ሙሉ የተከተለው ጥያቄ ከዚህ ተወለደ፦ እኩል አእምሮ ይዘው፣ አንድ ክፍል ተቀምጠው፣ ከአንድ መምህር እየተማሩ የጀመሩ አራት ልጆች መንገዳቸው እንዴት እንዲህ ተለያየ?

ከሕክምና ወደ ሰፈር

ጄምስ በ1952 ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ገባ። በሁለተኛው ዓመቱ፣ በግንቦት 1954፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ልጆችን በዘር የሚለያይ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ፈረደ። ወጣቱ ግን በዚያው ዩኒቨርሲቲ ባይተዋርነት ምን እንደሆነ በራሱ ላይ አየው። በልጅነቱ ከነጮች ጋር ተቀላቅሎ ያደገ ቢሆንም እዚህ የሚቀርበው ሰው አጣ፤ ውጤቱም እንደ ለመደው አልሆነለትም። በ1956 ተመርቆ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ተሻገረ፤ በጥቁሮቹ አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ ሕክምና ተማረ፣ በ1960ም ሐኪም ሆነ።

ሐሳቡ ኢስት ቺካጎ ተመልሶ የሰፈር ሐኪም መሆን ነበር። ለአንድ ዓመት ያህል እዚያው ሲሠራ የልጅነት ጓደኞቹን ሕይወት ቀርቦ አየ፤ ሆድ የሚያባባ ነበር። ከዚያ በሕዝብ ጤና አገልግሎት ተቀጥሮ ዋሽንግተን ሲመለስ፣ ቤት አጥተው በየመጠለያው የሚንከራተቱ ቤተሰቦችን በትርፍ ጊዜው ይረዳ ጀመር። በእነዚያ ቤተሰቦች ልጆች ላይ ያየው ሕመም በክኒን የሚመለስ አልነበረም። ስለዚህ መንገዱን ቀየረ። በ1964 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ ጤና ማስተርስ ያዘ፤ ቀጥሎም የል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የአእምሮ ሕክምና፣ በተለይም የሕፃናትን፣ አጠና።

ዶክተር ኮመር በየል ሳሉ አሜሪካ ስለ ድሃ ልጆች ትምህርት አንድ ትልቅ ክርክር ውስጥ ገባች። በ1966 በሶሺዮሎጂስቱ ጄምስ ኮልማን የተመራ ሰፊ ጥናት ወጣ፤ የልጅን ውጤት ከትምህርት ቤቱ ሀብት ይልቅ የቤተሰቡ ሁኔታ እንደሚወስነው አመለከተ። ብዙዎች ግኝቱን፣ ትምህርት ቤት ምንም አይለውጥም ብለው ተረጎሙት። በ1969 ደግሞ አርተር ጄንሰን የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በነጭና በጥቁር ልጆች ፈተና መካከል ያለው ልዩነት በከፊል ከዘር የሚወረስ ሳይሆን አይቀርም የሚል ጽሑፍ አሳተመ። አንዱ ወገን ቤተሰቡን ከሰሰ፤ ሌላው ደሙን። የሦስቱን ጓደኞቹን አእምሮ የሚያውቁት ዶክተር ኮመር ሁለቱንም ሊቀበሉ አልቻሉም።

የመጀመሪያው ዓመት ትርምስ

ኒው ሄቨን፣ የል ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ፣ በ1960ዎቹ ለአሜሪካ ከተሞች ምሳሌ ትባል ነበር። ከንቲባዋ ሪቻርድ ሊ ከፌዴራል መንግሥት ለከተማ እድሳት ያስመጡት ገንዘብ በነዋሪ ቁጥር ሲካፈል ከሌላው ከተማ ሁሉ ይበልጥ ነበር። አሮጌ ሰፈር ፈረሰ፣ አዲስ መንገድ ተዘረጋ፣ ሕንፃ ተሠራ። ቤታቸው የፈረሰባቸው ግን በአብዛኛው ድሆች ነበሩ። ነሐሴ 1967 የጥቁሮቹ ሰፈሮች በረብሻና በእሳት ተናጡ። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደሉ።

በዚያው በ1968 የየል የሕፃናት ጥናት ማዕከል ኃላፊ ዶክተር አልበርት ሶልኒት ዶክተር ኮመርን ጠሯቸው። ማዕከሉ ከከተማዋ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር በፎርድ ፋውንዴሽን ድጋፍ በሁለት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሥራ ሊጀምር ነበር። አንዱ ባልድዊን ይባላል፤ ሌላው በማርቲን ሉተር ኪንግ ስም ይጠራል። ተማሪዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁር ናቸው፤ አብዛኞቹም የመንግሥት ድጎማ ከሚያገኙ ቤተሰቦች የመጡ። ከከተማዋ 33 የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መካከል በአራተኛ ክፍል የንባብና የሒሳብ ውጤት 32ኛና 33ኛ የወጡት እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ። ልጆቹ ሊደርሱበት ከሚገባው ደረጃ ወደ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ወደ ኋላ ቀርተዋል። መምህራኑ ተስፋ ቆርጠው ይለቃሉ፤ ወላጆቹ ለጠብ ካልሆነ በቀር ደጁን አይረግጡም።

ከየል የመጣው ቡድን የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያና የልዩ ፍላጎት መምህር ነበሩት። የመጀመሪያው ዓመት ግን ለወሬ የማይመች ነበር። በባልድዊን ብዙ ወጣት መምህራን ተቀጥረው፣ ያለ በቂ ዝግጅት ነፃ የሚባለውን አዲስ የማስተማር ዘዴ ሞከሩ። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ይራወጣሉ፣ ይማታሉ፣ መምህሩን ይሳደባሉ፤ መምህሩ ዝም በሉ እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ቢጮህ የሚሰማው የለም። ወላጆች በቁጣ ተሰብስበው መጡ፦ ከየል የመጣችሁ ሰዎች ልጆቻችን ላይ ሙከራ ልትሠሩ ነው ወይ? ዓመቱ ሲያልቅ ብዙ መምህራን ለቀቁ።

ዶክተር ኮመርና ቡድናቸው አልለቀቁም። ከዚያ ዓመት አንድ ትልቅ ቁም ነገር ቀሰሙ፦ ከላይ የወረደ ጥሩ ሐሳብ፣ ሰዎቹ እርስ በርስ ካልተማመኑ፣ ከመጥፎ ሐሳብ አይሻልም። መምህራኑ ወላጆቹን ይከሳሉ፣ ወላጆቹ መምህራኑን፣ ርእሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤቱን፤ ጣት መጠቋቆሙ ማለቂያ የለውም። ልጁ ደግሞ መሐል ላይ ቆሞ ሁሉንም ያያል።

ማንም የማይከሰስበት ጠረጴዛ

በቀጣዮቹ ዓመታት ቀስ በቀስ አንድ አሠራር ተፈጠረ። የመጀመሪያው በርእሰ መምህሩ የሚመራ፣ ወደ 12 ሰው የሚሆን የአስተዳደር ኮሚቴ ነው። መምህራን የሚመርጧቸው መምህራን፣ ወላጆች የሚመርጧቸው ወላጆች፣ አንድ የአእምሮ ጤና ባለሙያና ከድጋፍ ሠራተኞች ወገን ተወካይ ይቀመጡበታል። ጽዳት ሠራተኛው ስለ ልጆቹ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ያም ይሰማል። ሁለተኛው የባለሙያዎች ቡድን ነው፤ የአማካሪው፣ የነርሷና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛው ሥራ ተበታትኖ ከመቅረት ይልቅ አንድ ላይ ስለ አንድ ልጅ የሚመክሩበት። ሦስተኛው የወላጆች ቡድን ነው።

ሦስት ደንቦች ነበሯቸው። አንደኛው፣ ጥፋተኛ መፈለግ ቀርቶ መፍትሔ መፈለግ። ሁለተኛው፣ በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በስምምነት መወሰን፤ ድምፅ ሲሰጥ ተሸናፊ ይኖራልና፣ ተሸናፊው ደግሞ ሥራውን በሙሉ ልቡ አይሠራም። ሦስተኛው፣ ኮሚቴው ርእሰ መምህሩን እጅ ከወርች አያስርም፣ ርእሰ መምህሩም ኮሚቴውን ገሸሽ አያደርግም። በወረቀት ሲታይ ተራ ነገር ይመስላል። ከሱ በፊት ግን ወላጅና መምህር በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሳይጣሉ የሚቀመጡበት ቀን አልነበረም።

ዶክተር ኮመር በ1988 ሳይንቲፊክ አሜሪካን በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ያስታወሱት አንድ ታሪክ የአሠራሩን ነፍስ ያሳያል። የ8 ዓመት ልጅ ነው፤ ከደቡብ ገጠር፣ ዘመድ አዝማድ ከሚደጋገፍበት ሞቅ ያለ ሰፈር መጥቶ ኒው ሄቨን ገባ። ጠዋት አክስቱ ወደ ሥራ ስትሄድ ትምህርት ቤት ደጃፍ አድርሳው ሄደች። ርእሰ መምህሩ ይዞት ወደ ክፍል ወሰደው። መምህሯ በዚያ ሳምንት በተደጋጋሚ አዲስ ተማሪ ሲመጣባት ተሰላችታለች፤ በቃል ምንም አላለችም፣ ፊቷ ግን ተናገረ። ክፍሉ ሙሉ ዓይን ሆኖ አፈጠጠበት። ልጁ ፊት እንደተነሳ ገባው፣ ደነገጠ፣ መምህሯን በእርግጫ መቶ ሮጦ ወጣ።

በቀድሞው ልማድ ቢሆን ነገሩ ያለቀ ነበር፤ ባለጌ ልጅ ይባላል፣ ይቀጣል፣ ስሙ ይያዛል፣ በሁለተኛው ጠብ ለልዩ ክፍል ይታጫል። በአዲሱ አሠራር ባለሙያው ከመምህራኑ ጋር ተቀምጦ፣ እስቲ ይህን ጠዋት በልጁ ዓይን እንየው አላቸው። ካዩት በኋላ ቅጣቱ ዋና ጉዳይ መሆኑ ቀረ። እንግዳ ተማሪ የሚቀበሉበትን ሥርዓት አወጡ፤ አዲስ የመጣ ልጅ ትምህርት ቤቱን ይጎበኛል፣ ከክፍሉ ልጆች መካከል የሚያለማምደው ይመደብለታል። አንድ እርግጫ ለሁሉም ልጆች የሚያገለግል የአቀባበል ደንብ ወለደች።

ሌላም ተመለከቱ። በተደጋጋሚ የተጎዳ ልጅ መምህሩን ለማመን ወራት ይፈጅበታል፤ አንዱ ለመምህሩ ፈገግ ለማለት ስምንት ወር ወስዶበታል። ያን ጊዜ ዓመቱ ያልቃል፣ መምህሩ ይቀየራል፣ ልጁ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ አንድ መምህር አንድን ክፍል ሁለት ዓመት ይዞ እንዲቆይ ወሰኑ። በመጀመሪያው ዓመት ምንም ያልተራመዱ አንዳንድ ልጆች በሁለተኛው ዓመት የሁለት ዓመት ያህል ርቀት ሄዱ።

እናቶች ሲመጡ

ወላጆችን ማምጣት ከባዱ ሥራ ነበር። ብዙዎቹ ራሳቸው በተማሪነታቸው የተዋረዱ ሰዎች ናቸው፤ ትምህርት ቤት ሲባል የሚያስታውሱት ሽንፈታቸውን ነው። ስብሰባ ተጠርተው እንዲቀሩ ያደረጋቸው ግድ የለሽነት አይደለም። እንደ ጄምስ ጓደኞች ወላጆች ቤተ መጻሕፍት ደጅ ላይ የሚያስቆማቸው ፍርሃት እዚህም ነበር።

ስለዚህ ሥራው ከጨዋታ ተጀመረ። ወላጆችና መምህራን አብረው የዓመቱን የማኅበራዊ ዝግጅት ዕቅድ ያወጣሉ፦ የጋራ ምሳ፣ የመጽሐፍ ገበያ፣ የገና በዓል፣ የምረቃ ቀን። በየክፍሉ አንዲት እናት በትንሽ ክፍያ በረዳትነት ተቀጠረች፤ የተከፈላቸው ለጥቂት ሰዓት ሲሆን ብዙዎቹ ግን ቀኑን ሙሉ ይቆዩ ነበር። ልጁ እናቱንና መምህሩን ሲሳሳቁ ካየ ቤቱና ትምህርት ቤቱ ተቃዋሚ አለመሆናቸው ይገባዋል። በመጀመሪያ ጥቂት ሰው ብቻ ይታይበት የነበረው አዳራሽ ከዓመታት በኋላ ሰው የሚጨናነቅበት ሆነ። አንዳንዶቹ እናቶች ያቋረጡትን ትምህርት ቀጠሉ፤ ሥራ ያዙ።

በ1977 አንድ አዲስ ጥያቄ ተነሣ። ወላጆቹ ለልጆቻቸው የሚመኙት ምንድን ነው? ሲጠየቁ የተናገሩት ሌላው አሜሪካዊ ወላጅ የሚናገረውን ነበር፦ ሥራ፣ ቤት፣ ክብር። የመካከለኛው መደብ ልጅ ግን ይህን የሚያስገኘውን ዘዴ ከቤቱ ሳያውቀው ይማረዋል። ድሃው ልጅ የት ይማረው? ትምህርት ቤቱ ራሱ ሊያስተምረው ወሰነ። በፖለቲካና መንግሥት፣ በንግድና ኢኮኖሚ፣ በጤናና አመጋገብ፣ በመንፈሳዊና በመዝናኛ ሕይወት ላይ ያተኮሩ ትምህርቶች ተዘጋጁ።

የከንቲባ ምርጫ ሲመጣ ልጆቹ ለተወዳዳሪዎቹ የግብዣ ደብዳቤ ጻፉ። ይህ የጽሑፍ ትምህርት ነው። ወላጆች አውቶቡስ ተከራይተው ከልጆቹ ጋር ከተማውን ዞሩ፤ የመንገዱንና የቤቱን ችግር እያዩ ይህ የማን ኃላፊነት ነው ብለው ተወያዩ። ተወዳዳሪዎቹ ሲመጡ ልጆቹ እንግዳ ተቀበሉ፣ መድረክ ላይ ጥያቄ ጠየቁ፣ ሲያበቃም የምስጋና ደብዳቤ ላኩ። ሰፈራቸውን ማንም የማይሰማው ልጆች ለአንድ ቀን ከተማዋን ሊመሩ የሚፈልጉትን ሰዎች ፊት ለፊት ጠየቁ። ንባቡም ሒሳቡም ከዚህ ኑሮ ጋር ተያይዞ ሲመጣ ትርጉም አገኘ።

ቁጥሩ ሲለወጥ

ከትምህርት ቤቱ ውጪ የአገሪቱ ሁኔታ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄድ ነበር። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤት እኩል የትምህርት በጀት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መብት አይደለም አለ። በ1974 ደግሞ ከዲትሮይት በመጣ ክስ ላይ፣ ዳርቻ ከተሞቹ ራሳቸው አድልዎ መፈጸማቸው ካልተረጋገጠ በቀር የከተማን ልጆች ከዳርቻ ከተሞች ልጆች ጋር በግድ ማቀላቀል እንደማይቻል ወሰነ። ነጩና ሀብታሙ ቤተሰብ ከከተማው ወሰን ወጥቶ ከሰፈረ፣ ከተማው ውስጥ የቀሩት ድሃ ልጆች ብቻቸውን ይቀራሉ ማለት ነው። ፋብሪካዎቹም አንድ በአንድ ይዘጉ ጀመር። በ1954 የተከፈተው በር ግማሹ ተዘጋ።

በኒው ሄቨን የተጀመረው ሥራ ግን ቀጠለ። በባልድዊን ፈንታ ካትሪን ብሬናን የተባለ ሌላ ትምህርት ቤት ገባበት። ሰፈሩ አልተቀየረም፤ ድህነቱም እንዳለ ነው። በ1984 በአራተኛ ክፍል የአይዋ መሠረታዊ ክህሎት ፈተና የኪንግና የብሬናን ተማሪዎች ከከተማዋ ትምህርት ቤቶች 3ኛና 4ኛ ወጡ። በኪንግ ትምህርት ቤት የተማሪዎች መገኘት ከአምስት ዓመት በአራቱ ከከተማዋ 1ኛ ወይም 2ኛ ነበር። ከባድ የዲሲፕሊን ችግር ከአሥር ዓመት በላይ አልታየም። ደሙ አልተቀየረም፣ ቤተሰቡም አልተቀየረም። የተቀየረው አዋቂዎቹ ልጆቹን የሚይዙበት መንገድ ነው።

ዶክተር ኮመር ይህን በ1980 ባሳተሙት «ስኩል ፓወር» በተባለው መጽሐፍ ተናገሩ፤ በ1988ም የእናታቸውን ታሪክ በመጽሐፍ አወጡ። አሠራሩ መጀመሪያ ሚሺጋን ውስጥ ቤንተን ሃርበር፣ ቀጥሎም ሜሪላንድ ውስጥ ፕሪንስ ጆርጅስ አውራጃ ገባ። በ1990 የሮክፌለር ፋውንዴሽን ለአምስት ዓመት 15 ሚሊዮን ዶላር መደበለት። ከዚያ ወዲህ ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች ሞክረውታል። መምህራን እንዲይዙት የተዘጋጀው ነገር አጭር ነበር፤ ልጅ በስድስት ጎዳና ያድጋል፦ በአካል፣ በእውቀት፣ በስሜት፣ በቋንቋ፣ በማኅበራዊ ኑሮና በሥነ ምግባር። ፈተና የሚለካው አንዱን ብቻ ነው፤ ያ አንዱ ደግሞ ሌሎቹ ከታመሙ አይቆምም።

ከፈተናው በኋላ

ሲስፋፋ ችግሩም ታየ። በፕሪንስ ጆርጅስ አውራጃ በ1999 የታተመ ጥብቅ ግምገማ፣ አሠራሩን የተቀበሉት ትምህርት ቤቶች ካልተቀበሉት ብዙም የተለየ ነገር እንዳልሠሩና ውጤታቸውም እንዳልበለጠ አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት በቺካጎ የወጣው ግን የትምህርት ቤቱ መንፈስ መሻሻሉን፣ በንባብና በሒሳብም መጠነኛ ዕድገት መገኘቱን ዘገበ። በ2003 በ29 የትምህርት ቤት ማሻሻያ መንገዶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ወጣ፤ ጠንካራ ማስረጃ አላቸው ካላቸው ሦስት መካከል አንዱ የኮመር ነበር።

እነዚህ ውጤቶች እርስ በርስ የሚጋጩ አይደሉም። ኮሚቴ አቋቁሞ ስሙን መለጠፍ ቀላል ነው፤ ማንም ጥፋተኛ የማይባልበትን ንግግር መልመድ ግን ዓመታት ይወስዳል። ኒው ሄቨን ላይ ለውጡ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጅቷል። አዲስ ርእሰ መምህር በየሁለት ዓመቱ በሚቀያየርበት፣ የወረዳው ኃላፊ የሚመጣው ዓመት ፈተና ብቻ በሚያሳስበው ቦታ ይህ ትዕግሥት አይገኝም። በጥር 2002 የተፈረመው ማንም ልጅ ወደ ኋላ አይቀርም የተባለው የፌዴራል ሕግ ትምህርት ቤቶችን በፈተና ውጤት መቅጣት ሲጀምር፣ ዶክተር ኮመር በ2004 ከሕጉ ስም ጋር የሚቀራረብ ርእስ ያለው መጽሐፍ አሳትመው መለሱ። መከራከሪያቸው ግልጽ ነው፦ ልጁ እንዴት እንደሚያድግ ያልገባው ሥርዓት፣ ልጁ ያላወቀውን መቁጠር እንጂ እንዲያውቅ ማድረግ አይችልም። መጽሐፉ በ2007 በትምህርት ዘርፍ የግራወማየርን ሽልማት አገኘ።

ሥራቸው በሌላ ስምም ይኖራል። በ1994 የማኅበራዊና የስሜት ትምህርትን ለማስፋፋት የተቋቋመው የአሜሪካ ማኅበር መጀመሪያ የተቀመጠው በዚያው በየል የሕፃናት ጥናት ማዕከል ነው፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ቲሞቲ ሽራይቨር በኒው ሄቨን ከኮመር ሥራ ጋር የነበረ ሰው ነው። ዛሬ በብዙ አሜሪካዊ ትምህርት ቤት ጠዋት ልጆች ስሜታቸውን የሚናገሩበት ክበብ ካለ፣ ከሥሮቹ አንዱ ወደ 1968 ይደርሳል።

ይህ ታሪክ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በሌሎችም የአሜሪካ ከተሞች ልጆቻቸውን ለሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ሩቅ አይደለም። ማታ ታክሲ ነድቶ ወይም ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት ሲሠራ አድሮ ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ አባት፣ በቋንቋዋ እንዳይሳቅባት ፈርታ ከመምህሩ ጋር ሳትነጋገር የምትመለስ እናት፣ የሦስቱን ጓደኞች ወላጆች ያውቋቸዋል። በእኛ ባህል መምህር የተከበረ ነው፤ አስተምርልኝ ብለን ልጁን እንሰጣለን፣ ከዚያ መራቅ ለመምህሩ ክብር መስጠት ይመስለናል። ኒው ሄቨን ያስተማረችው ግን ወላጅ ሲቀርብ ልጁ እንደሚበረታ ነው።

ማጊ ኮመር የጄምስን እጅ ይዘው ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲገቡ አንድ ልጅ አዳኑ። ልጃቸው ግማሽ ምዕተ ዓመት የሠራው ሥራ፣ እንዲህ ያለ እናት ያልገጠመውም ልጅ ያን እጅ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እንዲያገኝ ማድረግ ነበር። ትምህርት ቤት ለሁሉም ክፍት መሆኑ ብቻውን እኩልነት አይደለም። የመንግሥት በጀት፣ መጽሐፍና ሕንፃ የግድ ናቸው፤ በጀቱም በፍትሕ መከፋፈል አለበት። ከዚያ በላይ ግን ደጃፉ ላይ ስሙን የሚያውቅ፣ ሲያጠፋ ምን ሆነህ ነው ብሎ የሚጠይቅ፣ ወላጁን ገብተው ይቀመጡ የሚል ሰው ሊኖር ይገባል። ይህን ሰው ለእያንዳንዱ ልጅ ማቅረብ ገንዘብም ጊዜም ትዕግሥትም ይጠይቃል። ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድር ሁሉ፣ ርእሰ መምህሩም ሆነ የትምህርት ሚኒስትሩ፣ ሊጠየቅበት የሚገባው የመጀመሪያ ጉዳይ ይኸው ነው።